መንገድ ዳር የጠበቁኝ ሰው

ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠና ልጄ ቤተል ቁም ሳጥኔን ልታስተካክልልኝ መጣች። ከጥጉ አንድ ቡናማ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ጎትታ አወጣች። «ማሚ፣ ይሄን ዶኔት እናድርገው፤ ለብሰሽው አይቼ አላውቅም» አለች። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ናትና ቦታ የሚያጣብብ ነገር አትወድም። ተይው አልኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ካፖርቱን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

ካፖርቱን የገዛሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሆሳዕና አካባቢ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እዚህ ስመጣ ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈትንና ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የሞባይል ካርድ ሻጭ ሆንኩ። አስተማሪነቴ የቀረችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች ሰብስቤ ፊደል አስቆጥራለሁ፣ የዓለም ካርታ አሳያለሁ። ስለ ሞንጎሊያ ሜዳ ለስንት ክፍል ልጆች አውርቻለሁ፤ ከነገርኳቸው አንዱንም ግን በዓይኔ አላየሁም። መምህር ደፋር ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ቤሪያ የሚባለው ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ቤት ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያ አገኘሁ። አንድ ማኅበር ከየአገሩ መምህራንን መርጦ፣ ወጪያቸውን ችሎ፣ ለአንድ ወር ከሞንጎሊያ አርብቶ አደሮች ጋር ያኖራል። አመለከትኩ፤ ተመረጥኩ። የሚቀበሉኝ ዶርጅ የሚባሉ አዛውንት እንደሆኑ የማኅበሩ አስተባባሪ ጻፈችልኝ፤ መልእክታቸውንም አያይዛ ነበር፦ «መኪናው ከሚያወርድሽ ቦታ ፈረስ ይዤ እጠብቅሻለሁ።» ይህቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔና ጌታ እናውቃለን።

ከዚያ ወዲያ ሱቅ ውስጥ የነበርኩት በሥጋ ብቻ ነው። እዚያ ሻይ በወተትና በጨው ይጠጣል ሲባል ሰምቼ ጠዋት ጠዋት ጨው ጨመርኩበት፤ ቡና በቅቤና በጨው ጠጥታ ላደገች ሰው ምኑ ይከብዳል? ደሳለኝ አንዴ ቀምሶ ሁለተኛ ከኔ ሻይ አልጠጣም። እንግዳ ጽዋውን በቀኝ እጁ ሲቀበል ክርኑን በግራው ይደግፋል የሚለውን ሳነብማ ሳቄ መጣ። እኛም አገር ለትልቅ ሰው እንዲሁ ነው፤ የአይቮሪ ፓርክ እናቶችም ዳቦ ስሰጣቸው እንዲሁ ይቀበሉኛል። ጉዞው በጥቅምት ስለነበር ካፖርቱን ከመሀል ከተማ ገዛሁ። እዚህ ጥቅምት ሙቀት የሚገባበት ወር ነው፤ ሻጩ ያመመኝ መስሎት ትክ ብሎ አየኝ።

የቀረኝ ወረቀት ነበር። የያዝኩት በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ጠያቂ ፔፐር ነው፤ በእሱ ከአገር አይወጣም። የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። ለሰባት ሳምንት ሱቁን ለደሳለኝ እየተውኩ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ቤተልን አዝዬ የስደተኞች ቢሮ ደጅ ተሰለፍኩ። መልሱ ሁልጊዜ ሌላ ቀን ተመለሺ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ከሳሁ። ያ ጉዞ ከቀረ እዚያው ፍርግርግ ውስጥ አርጅቼ የምሞት፣ መምህርት የሚለው ስምም አብሮኝ የሚቀበር መሰለኝ።

አስተባባሪዋ ደግሞ ሰነዱ ደርሶሽ እንደሆነ አሳውቂን፣ ቤተሰቡ መዘጋጀት አለበት እያለች ትጽፋለች። እሑድ ጸሎት ተያዘልኝ። ወንድሞች እጃቸውን ጭነው «በእምነት ተቀበይ» አሉኝ፤ እኔም እያለቀስኩ ተቀበልኩ። ሰኞ ጠዋት ቤሪያ ሄጄ «ሰነዱ ደርሶኛል» ብዬ ጻፍኩ። በእምነት ደርሶኝ የለ? ማንም ግን እንዲህ ብለሽ ጻፊ አላለኝም። መጸለዩ የእነሱ፣ መጻፉ የኔ ነበር።

በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሠራተኛዋ ፋይሌን አገላብጣ፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየቻት።

«ሲስ፣ ይህ ሰነድ እንዳንቺ ያለ ፔፐር ለያዘ ሰው አይሰጥም። ዝም ብለሽ ብትወጪ ፋይልሽ ይዘጋል፤ ተመልሰሽ አትገቢም።»

«ልጄስ?»

«እኔ የምነግርሽ ሕጉን ነው።»

ቤት ገብቼ ለደሳለኝ ነገርኩት። «በይ ጻፊላቸው፣ አስቴር፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ግን አልጻፍኩም። ነገ ተአምር ቢመጣስ? ደግሞስ ደርሶኛል ያልኩትን አልደረሰኝም ልበል? አፈርኩ። እንዳፈርኩ ቀኑ አለፈ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስተባባሪዋ ጻፈች። ቁጣ የለበትም፤ ምነው በተቆጣችኝ። ዶርጅ ስልክ በማይሠራበት ሜዳ ነበሩና መቅረቴን የሚነግራቸው አልተገኘም። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋባቸው ቤተሰቡ ወደ ክረምት ሰፈሩ መሻገር ነበረበት፤ እሳቸው ግን እንግዳ አለብኝ ብለው ሁለት ፈረስ ይዘው መንገድ ዳር ሁለት ቀን ቆሙ። ከአፍሪካ የምትመጣ ሴት ይህን ብርድ አትችለውም ብለው የሚስታቸውን የበግ ቆዳ ካፖርት ይዘውልኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለቤተል ነገርኳት። «አሁን እኮ ፔፐርሽ ተስተካክሏል፣ ማሚ። ሂጂ፤ እኔ ቡክ አደርግልሻለሁ» አለች። ደግ ልጅ ናት። እሳቸው ግን ያኔ ሰባ አልፏቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሃያ ሁለት ጥቅምት አልፏል። ይህንኑ ስላት ካፖርቱን አጥፋ ወደ ጥጉ መለሰችው። ስደት ብዙ ነገር ከልክሎኛል፤ ስለዚያ ጉዞ ሲነሳም ሁሌ ፔፐሩን ነው የማማው። አልመጣም ብሎ ለመጻፍ ግን ፔፐር አያስፈልግም ነበር።