በሚኒ ሚዲያ ያነበብኩት ዳሰሳ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይቺን ቅዳሜ ተጫውተን ጨረስናት። ዳሰሳ ይጻፉላት» ይላል።

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የደብረ ብርሃን ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየወረወሩ፣ በምናብ ቤተ መንግሥት ይወርራሉ፣ ዘንዶ ይገድላሉ። እኔ ደግሞ እነዚያ ጨዋታዎች የተጻፉባቸውን የድሮ የውጭ አገር መጻሕፍት አነብና መልካሙን ከመጥፎው እለይላቸዋለሁ። ባልደረቦቼ ምላስሽ መራራ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሐሳብ ባለቀበት ቁጥር በር ላይ መርዛም መርፌ የሚሰካ ደራሲ አልምርም። የዚህን መጽሐፍ ሽፋን ሳይ ግን ሻዬን ረሳሁት። ከተራራ ሥር የተቀበረ ቤተ መንግሥት፣ ደጃፉ ላይ ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ። ይህን መጽሐፍ አንድ ጊዜ በገዛ አፌ ገድዬዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ እኔ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንቄን ይዤ ጭነት መኪና ላይ እወጣለሁ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ሾፌሩ መንገዱን በልማድ ነበር የሚያገኘው። ስንቄ በሶ፣ ድርቆሽና የገብስ ቆሎ ነው። በዚያው ዓመት፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶት የሄደውን የመጻሕፍት ካርቶን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስጎረጉር ይህቺን ቀጭን መጽሐፍ አገኘኋት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ መሪ ይሆንና መጽሐፉን ይዞ ፊታችሁ ያለውን ይነግራችኋል። ሌሎቻችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ጀግና ሆናችሁ «በሩን እከፍታለሁ»፣ «እሸሻለሁ» ትላላችሁ፤ የሚሆነውን ዳይሱ ይወስናል። ጣዕሙ ሁሉ ከበሩ ኋላ ያለውን አለማወቅ ላይ ነው። መጽሐፉ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጠይቃል፤ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ያለን የሉዶ ዳይስ ብቻ ስለሆነ ከአንድ እስከ ሃያ በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ከወተት ጣሳ እያወጣን እንድንጫወት ተስማማን።

ከመካከላችን እንግሊዝኛው የሚገባው ለእኔ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ፣ ጣት በሚያደነዝዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለስኩት። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደውን ደረጃ ስተረጉም ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ነበር ፊቴ የሚመጣው። ለድካሜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቦታ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደብተሬንና አንድ ቋጠሮ ቆሎ ይዤ እነመስፍን ቤት ሄድኩ። መስፍን የክፍሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ወፍጮ ስላላቸው ትርፍ ክፍልና ትልቅ ጠረጴዛ ነበራቸው። ደብተሩን ተቀበለኝና አገላብጦ ካየው በኋላ፣

«አንቺ ግን እንዴት ትጫወቻለሽ? ሚስጥሩን ሁሉ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«እንግዲያው እኔ ልምራ፤ አንተ ተጫወት።»

«ቤቱ የኛ፣ ጠረጴዛው የኛ፣ መሪዋ አንቺ? ይልቅ ቆሎውን አስቀምጪና ቁጭ ብለሽ እዪን።»

ጠረጴዛውን የከበቡት ልጆች ሳቁ። ያልሳቀው የአሊዩ አምባው ነጋዴ ልጅ ሰይድ ብቻ ነበር። ቆሎዬን እየቆረጠሙ ደብተሬን ሲገልጡ ትቻቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ አላለቀስኩም። ንዴቱ ለእንባ ቦታ አልተወለትም።

በማግሥቱ መበቀል እችል ነበር፤ ግን ቶሎ መበቀል ለእነሱ ማዘን መሰለኝ። ጠበቅኩ። መስፍን ከደብተሬ እያነበበ ይመራቸዋል። ሰኞ ሰኞ ክፍል ውስጥ ጨዋታቸውን ሲያወሩ አደምጣለሁ፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ ከወሬያቸው አውቃለሁ። አንዱ ሲሞትበት ሌላ ጀግና ይዞ ይመለሳል። ሰይድ ብቻ የመጀመሪያ ጀግናውን ሳያስገድል ቆይቶ የመጨረሻው በር ጋ ደረሰ። ያን ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባሁ። የክበቡ አባል ነበርኩ፤ የመጽሐፍ ዳሰሳ ተራው የእኔ ነው።

ተማሪው ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ዳሰሳዬን በምስጋና ጀመርኩ። አጀማመሩ ያምራል፣ ደረጃው ልብ ይሰቅላል አልኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። «ፋኖስ የያዘው ሽማግሌ ከሃዲ ነው። ሦስተኛው አዳራሽ ያለው ዙፋን የተቀመጠበትን ይገድላል። ከመጨረሻው በር ኋላ ዘንዶ የለም፤ ከሞተ መቶ ዓመቱ ነው። ከበሩ ሥር የሚወጣውን ጭስ በወናፍ የሚነፉት የሽማግሌው ልጆች ናቸው። አትሽሹ፣ ግቡ።»

በመስኮት መስፍን ግቢውን አቋርጦ ሲሮጥ አየሁት። በሩን በርግዶ ሲገባ «አመሰግናለሁ» ብዬ ድምፅ ማጉያውን ዘግቼ ነበር።

«ምን ነካሽ አንቺ!»

«ደብተሬን መልስልኝ» አልኩት።

ፊቱ ቀልቶ ሳየው ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አንጀቴን ያራሰ ነገር ጥቂት ነው። በማግሥቱ ደብተሬን አመጣልኝ። በዚያ ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ የሄደ የለም፤ ከዚያም ወዲያ ማንም አልሄደም።

ሰይድን ያገኘሁት ሰኞ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ነው። ይሰድበኛል ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ።

«ወይንሸት፣ አንድ በር ነበር እኮ የቀረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት ቅዳሜ ስላንቺ ለምኜዋለሁ መስፍንን። ይቺ ስታልቅ ቀጣይዋን እሷ ትመራለች ብሎኝ ነበር። ወላሂ።»

የተዋሰውን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ መልሶ ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ከአባቱ ጋር ንግድ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። መስፍን እውነት እንደዚያ ብሎት ይሆን? እስከ ዛሬ አላምንም። የሰይድን መሐላ ግን አምናለሁ።

ፎቶውን ለላከልኝ ልጅ ዳሰሳውን ትናንት ጻፍኩለት፤ ደራሲውን በሚገባው ልክ አመሰገንኩ፣ በሚገባው ልክ ወቀስኩ። መስፍንን አሁንም ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። «ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ «ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። በዚህ ዕድሜ ቂም ምን ያደርግልሻል የሚሉኝ አሉ። ምንም አያደርግልኝም፤ ግን አልለቀቀኝም፣ እኔም አልለቀቅኩትም። ያቺ ሐሙስ ብትመለስ ያንኑ ዳሰሳ አነባለሁ፤ እንዲያውም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ሰይድን ግን አስቀድሜ፣ የሆነ ሰበብ ፈልጌ፣ ከግቢው አስወጣው ነበር።