አባቴ ቁልቁለቱ ላይ ያየው ሰው

አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ወላጆቼ የወንጌል አማኞች ስለሆኑ ቤታችን ጠላም ሆነ ቢራ ገብቶ አያውቅም። አባቴ ሠርግ ቤት እንኳ ሲቀመጥ ብርጭቆውን በመዳፉ ይከድንና፣ "ለእኔ ውሃ ይበቃኛል" ይላል። ዕድሜውን ያሳለፈው በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ነው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ገዛ፤ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ እንደ ሕፃን ፊት ያብሳታል። መንገድ ላይ የሚወላገድ መኪና ካየ ወዲያው ይፈርዳል። "ይሄ ጠጥቶ ነው" ይላል፤ ወይም ደግሞ፣ "ይሄኛው መርቅኗል፣ ዓይኑን እይው፤ ጫቱ እኮ ነው የሚነዳው።" አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ስሰማ፣ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሾፌር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ የሚጠጡና የሚቅሙ ሾፌሮች፣ እና አባቴ።

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ በእግር መንሸራሸር የእኔና የእሱ ልማድ ነው። ቤታችን አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው፤ እኔም ገና ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው። በሽሮ ሜዳ በኩል በመኪና እንወጣና ላይ ስንደርስ አቁመናት በባሕር ዛፉ መሃል እንሄዳለን፤ ፀሐይዋ ስትጠነክር እንመለሳለን። ያን ሰሞን አባቴን የጥቅምት ብርድ ጉንፋን ይዞት ነበር። ሳሉ ደረቱን ሲያስጨንቀው ከርሞ፣ ዓርብ ማታ ከሰፈር ፋርማሲ ኪኒንና የሳል ሽሮፕ ገዝቶ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ፣ "ዛሬስ ብትቀር?" ብትለው፣ "አየሩ ነው የሚያድነኝ" ብሎ ጃኬቱን ለበሰ።

ላይ ያለው ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ዛፎቹ ግንዳቸው ብቻ እየታየ ጫፋቸው ነጭ ነገር ውስጥ ጠፍቷል። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዴ ከፊታችን፣ አንዴ ከኋላችን ይመስላል። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና እንደገና ይዋጣሉ። አባቴ ሳሉ ሲነሣበት ቆም ብሎ ሽሮፑን በክዳኑ ቀድቶ ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ከዚያ በኋላ ሳሉ ተወው፤ እሱም ቀስ አለ። ወዲያ ወዲህ እያየ ፈገግ ይላል።

"ዛሬ ደስ ይላል" አለኝ።

እውነትም ደስ ይል ነበር።

ስንመለስ ጉሙ እየተገለጠ ነበር። በዛፎቹ መሃል የሚገባው ብርሃን በመስታወቱ ላይ እየተቆራረጠ ያልፋል። አባቴ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ግን ስንኙን አይጨርሰውም፤ መሃል ላይ ይተወውና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መኪናዋ ድምፅ የሌላት መሰለኝ። ከታች ከተማው በጭሱ ውስጥ ተኝቷል። የሽሮ ሜዳ የልብስ ሱቆች መታየት ጀመሩ፤ በየበሩ የተሰቀሉት ነጠላዎች ነፋሱ ሲነካቸው አብጠው ይረግባሉ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ነጭ ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ መንገዱን ሊሻገር ገባ። አየሁት። በመሃላችን ብዙ ቦታ ስለነበረ አልደነገጥኩም፤ አባቴ ፍሬን ይይዛል ብዬ ነው የጠበቅኩት። መኪናዋ ግን እንዳለች ትሄዳለች። ወደ አባቴ ዞርኩ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ሰውየውን እያየው ነው፤ ፊቱ ላይ ያው ፈገግታ አለ።

"አባዬ!" ብዬ ጮኽኩ።

ያኔ ፍሬኑን ረገጠው። ረፍዶ ነበር።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ በር በቀስታ እንደሚዘጋ ዓይነት። ሰውየው ጎን ላይ ወደቀ፤ ታቅፎት የነበረው ፌስታል ተቀደደና የክር ጥቅሎች ተበተኑ። ቁልቁለት ስለሆነ ጥቅሎቹ እየተፈቱ አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ፤ ኋላቸው ነጭ መስመር እየተዉ። ሰዎች ወደ ሰውየው ሲሮጡ ክሩ በእግራቸው ይጠላለፋል። አባቴ ከመኪናዋ ወርዶ በሩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሄዶ ሰውየው አጠገብ ተንበረከከ፤ ጃኬቱን አውልቆ ከራሱ ሥር አደረገለት። የሚያደርገውን ሁሉ ያደረገው በዝግታ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ሰውየውን በአንድ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን መጣና አባቴን ትንፋሹን አስነፍቶ መሣሪያውን አየ።

"መጠጥ የለም" አለ።

"እኔ አልጠጣም" አለ አባቴ።

ሳጅኑ ግን አልሄደም። ቀረብ ብሎ ዓይኑን አየው። "አባት፣ ጫት ቅመዋል?"

"ኧረ በጌታ!"

"ታዲያ ምላስዎ ለምን ተሳሰረ? መድኃኒት ወስደዋል?"

አባቴ ትንሽ አሰበና መሬት ላይ ካነጠፈው ጃኬት ኪስ ውስጥ ጠርሙሱን አምጥቶ ሰጠው። ሳጅኑ ጀርባውን አዙሮ አነበበ። "እንቅልፍ ያመጣል፣ ወስደው አያሽከርክሩ ይላል እኮ።"

"ፋርማሲ ያለችው ልጅም ነግራኛለች" አለ አባቴ። "ኪኒኑም እንደዚያው ነው ብላኛለች። እኔ የሚያንቀላፉትን የምትል መስሎኝ ነው። እኔ አላንቀላፋሁም።"

"ሕጉ የሚከለክለው አረቄ ብቻ አይደለም፣ አባት። ጫትም፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒትም ያው ነው" አለ ሳጅኑ። መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው። ደም እንዲመረመር ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጠ፤ እናቴ ከአንድ ጎረቤት ጋር መጥታ በዋስ አስለቀቅነው። ቤት እንደገባ ተኛ። እስከ ማግስቱ አልነቃም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳንሄድ ሆስፒታል ሄድን። ሰውየው ሸማኔ ነው፤ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጺሙ ያደገ ሰው። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ሚስቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሰላምታችንን አልመለሰችም። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት እግሩ እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ የእግር ስብራት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ሰው አላስረዳንም፤ አላስፈለገምም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ አባቴን። "አላዩኝም እንዴ?"

እኔ አባቴ አላየሁህም ይላል ብዬ ጠበቅኩ። የምንተርፈው በዚያ ቃል ይመስለኝ ነበር።

"አየሁህ" አለ አባቴ። "ከሩቅ ነው ያየሁህ። ነጭ ነገር ታቅፈህ ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። ፍሬን መያዝ እንዳለብኝም አውቄያለሁ። ግን፣ ወንድሜ፣ የሚያስቸኩል ነገር ያለ አልመሰለኝም። ለሁሉም ነገር የምደርስ ነበር የሚመስለኝ። እግሬን አዘዝኩት፤ እግሬ አልመጣም።"

 ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ይሂዱልኝ" አለ።

የክስ ቀጠሮው እስኪደርስ ያለው ጊዜ በትዝታዬ እንደ ጭጋግ ነው። ዲኤክሷ ከፖሊስ ጣቢያ ተመልሳ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ጠዋት ጠዋት አባቴ ጨርቁን ያረጥብና፣ መኪናዋን ሳያብስ በእጁ እንደያዘው ይቆማል። አንድ ቀን ሕልም እንደሚያይ ነገረኝ። በሕልሙ መኪና የለም፤ እሱ ብቻ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ነጩን ነገር ያያል፤ እግሩ የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል፣ አያገኝም። "የሚያስፈራኝ ምን መሰለሽ?" አለኝ። "በሕልሜም ደስ ይለኛል።"

ከቀጠሮው በፊት እናቴ ምሳ ላይ ለመነችው። "ዳኛ ፊት ሆስፒታል ያልከውን ልትል ነው? አየሁት ልትል ነው? ዘሎ ገባብኝ በል። ስንቱ እንዲያ ብሎ ይወጣል! አለመጠጣትህን መሣሪያው መስክሮልሃል።"

"መሣሪያው የመሰከረው ስለ መጠጥ ነው" አለ አባቴ።

"እስር ቤት ትገባለህ! በዚህ ዕድሜህ!"

"ሰውየውን ቀና ብዬ እያየሁት፣ እሱም እያየኝ፣ ዘሎ ገባብኝ እንዴት ልበል?"

እናቴ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ማልቀሷን ከጓዳ ሰማነው።

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። አባቴ አጠገብ አንድ ወጣት ሾፌር ተቀምጧል። ቢራ ጠጥቶ ሲነዳ አንድ ሞተረኛ ገጭቶ፣ ሳይቆም ሄዶ፣ በኋላ የተያዘ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ በምን መጡ?" አለው።

"በጉንፋን መድኃኒት" አለ አባቴ።

ወጣቱ ሊስቅ አለና የአባቴን ፊት አይቶ ተወው። "እኔ እኮ ስጠጣ ከወትሮው በላይ አሳምሬ የምነዳ ይመስለኛል" አለ ቆይቶ። "እጄ ራሱ ቀለል ይለኛል።"

"እኔም መስሎኝ ነበር" አለ አባቴ። ድሮ ቢሆን ለዚህ ልጅ ረጅም ተግሣጽ ነበረው። ያን ቀን የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ብቻ ሰጠው፤ ልጁም ጠጣ።

ችሎቱ ጠባብ ነበር። ሸማኔው በክራንች መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ፤ የደም ምርመራውንም አቀረበ። ዳኛዋ አባቴን ድርጊቱን መፈጸሙን ጠየቀችው። አባቴ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሆስፒታል ያለውን ያንኑ ቃል ደገመ፤ አየሁት፣ አልቸኮልኩም። የፋርማሲዋ ልጅ ነግራው እንደነበረም ጨመረ።  እናቴ እጄን እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። ዳኛዋ መድኃኒቱ ከፋርማሲ መገዛቱ፣ ለሕመም መወሰዱም ከተጠያቂነት እንደማያድን ተናገረች። "የሚያደነዝዝ ነገር ወስዶ መሪ የያዘ ሰው፣ የወሰደው ምንም ይሁን ምን፣ በሌላው ሕይወት ላይ ነው የሚወስነው" አለች። አባቴ ጥፋተኛ ተባለ። እስራት ተፈረደበት፤ ዕድሜው፣ ከዚህ በፊት ጥፋት የሌለበት መሆኑ፣ እውነቱን መናገሩና ተጎጂውን መርዳቱ ታይቶለት ቅጣቱ በገደብ ሆነ። ገንዘብ ተቀጣ፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። የዚያ ወጣት ቀጠሮም ያንኑ ቀን ስለነበረ ከእኛ ቀጥሎ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ያየነው በካቴና ሲወጣ ነው። አባቴ ልጁ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየው።

አባቴ ሸማኔውን መጠየቁን አላቆመም። ሕክምናውን የመኪናዋ መድን ስለሸፈነው እሱ የሚያደርገው ብዙ አልነበረም፤ ግን ይሄዳል። የታክሲ ሰልፍ ይቆማል፣ ወይም ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ድረስ በእግሩ ይወጣል። መጀመሪያ ሚስትየዋ ያመጣውን ብርቱካን ከበር ተቀብላ ትዘጋበት ነበር። ከዚያ አስገባችው፤ አላናገረችውም እንጂ። ጄሶው ከወለቀ በኋላ ሸማኔው ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ ግራ እግሩ ቶሎ ስለሚደክም እየሠራ ያርፋል። አንድ ቀን አባቴን ልወስደው ስሄድ፣ ጥግ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቀሰም በምትባለው ትንሽ ሸምበቆ ላይ ማግ፣ የአግድም ክሩን፣ ሲያጠነጥን አገኘሁት።

"ላልቷል፤ እንዲህ አይሆንም፣ ጠበቅ ያድርጉት!" ይለዋል ሸማኔው፣ በንዴት።

አባቴ ይፈታና እንደገና ይጀምራል። በበሩ በሚገባው ብርሃን የክሩ ብናኝ በክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የመርገጫው ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። እዚያ በር ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ይቅር ተባብለው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ቃሉን ከሁለቱም አፍ አልሰማሁም።

እገዳው ሲያበቃ አባቴ መንጃ ፈቃዱን ወስዶ ሳምንታት ያህል ኪሱ ውስጥ ብቻ ያዘው። ኋላ ሸራውን ገፈፈ። አሁን ፋርማሲ ሲገባ ሕመሙን ከመናገሩ በፊት፣ "መኪና እነዳለሁ" ይላል። አንዳንዷ ልጅ ግራ ተጋብታ ታየዋለች።

በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል አብረን ሽሮ ሜዳ ላይ ስናልፍ ሸማኔውን አየነው። ጥበብ የጠቀለለበትን ፌስታል በደረቱ ይዞ፣ አንድ ሱቅ ጣራ ሥር ታክሲ ይጠብቃል። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ፤ ግን መስታወቱን ለመክፈት አመነታ። እኔ ከፈትኩት።

"ይግቡ፣ እናድርስዎት!" አልኩት።

ሸማኔው ከዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባቴን አየ። "ዛሬስ ምን ወስደዋል?" አለው።

"ሻይ" አለ አባቴ። "ያለ ስኳር።"

ሸማኔው አልሳቀም። ዝናቡ በጀርባው እየወረደ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ የታመመ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባ። አባቴ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በዝግታ ነዳ። መስታወቱ በእንፋሎት ደበዘዘ፤ ከውጭ ያለው ሁሉ ቀለም ብቻ ሆነ። ሸማኔው መንገዱን ሁሉ ስለ ትልቋ ልጁ ፈተና ሲያወራን ነበር፤ ሒሳብ ከብዷት እንደነበረ፣ እንግሊዝኛው ግን ጥሩ እንደሆነላት።