ጥልፍ የለበሰው ሶላር

ሹፌር ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን ስንት ተለማማጅ መጥቶ እንደሄደ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ የሚመጣው ፎቶ ለመነሳት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋበት መርዶ እንደሰማ ሰው ይሆናል። ያቺን ልጅ መጀመሪያ ቀን በነጭ ጫማዋ ግቢው በር ላይ ቆማ ሳያት «ይቺስ ሳምንትም አትቆይ» አልኩ። ዛሬ አዲስ ገቢዎችን የምታሠለጥነው እሷ ናት። ምላሴን ይቁረጠው።

ምህንድስና ተምራ እንደጨረሰች ነው ለልምምድ የመጣችው። ዓይን አፋር ናት፤ ስታወራ ለራሷ እንጂ ለሰው የምትናገር አትመስልም። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ በሆስፒታል ልብስ ያጥባሉ። ጠዋት ላነሳት ስሄድ በር ድረስ ይወጡና «ወንድሜ፣ ቀበቶዋን ማሰሯን እይልኝ» ይሉኛል። ዲግሪ የያዘች መሐንዲስ! እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔ «አደራ አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ ነኝ የማስርላት» እላለሁ፣ እናትየው ይስቃሉ።

ሥራችን የመብራት ምሰሶ ያልደረሰባቸው መንደሮች ውስጥ ነው። በየደጁ የሰው ቁመት በሚያህል እንጨት ላይ ትንሽ ሶላር እንሰቅላለን፣ ቤት ውስጥ ባትሪና አምፖል እንገጥማለን፤ ሰዉ ከኩራዝ ጭስ ይገላገላል። ልጅቷ የተመደበችው ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር ነበር። መብራቱ የተገጠመ ቀን ነዋሪውን ሰብስባ እንድታስተምር ታዘዘች። ስለ ሽቦው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቁልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። መጨረሻ ላይ ግን ድምጿ ከፍ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ አደራ! አቧራ ጠላቱ ነው። እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት!»

ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም መኪናዬን ተደግፌ ነቀነቅሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር።

መንደሩ መግቢያ ላይ ካለው መታጠፊያ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቤት የአዛውንት ባልና ሚስት ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው ደረታቸው ያለቀ ሰው ናቸው። ኩራዝ ከተለኮሰ ሳሉ አንዴ ከያዛቸው አይለቃቸውም፤ እማማ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ጀርባቸውን እያሹ ያመሻሉ። መብራቱ ሲገባላቸው እማማ የልጅቷን እጅ ይዘው «ባሌን ሰጠሽኝ» አሏት። ልጅቷ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለዚያ ቤት ያላት ነገር ሌላ ሆነ።

ምን ያደርጋል! መብራቱ ራት ተበልቶ ሳያልቅ ድርግም ይል ጀመር። በአባባ ቤት ብቻ አይደለም፣ በመንደሩ ሁሉ። ኩራዙ ተመለሰ፣ ሳሉም ተመለሰ። እየሄድን ስንለካው ሶላሩ ደህና ነው፣ ፀሐዩም ጥርት ያለ ነው፤ ባትሪው ግን ባዶ። ባትሪ ቀየርን፣ ሽቦ ቀየርን። ያው። ልጅቷ የእማማን ድንች እየላጠች፣ የአባባን ጀርባ እያሸች፣ ምክንያቱን ስትፈልግ ከረመች። ሲጨንቃት ጥፍሯን ትበላለች፤ ያን ሰሞን ጥፍር የሚባል አልቀራትም።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አንዴ ከተናገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ናቸው። «ሰዎቹ እኛ ዞር ስንል ሌላ ነገር እየሰኩበት ነው» አሉ። «በወሩ መጨረሻ ይነቀልና ለሚጠብቅ መንደር ይሰጥ። ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ወንዙን እንደተሻገርን «ጋሼ፣ አባባን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» አለችኝ። እኔ መልስ ሲያጥረኝ መኪናውን እሰድባለሁ፤ እሱም እንደሰማኝ ሁሉ ከመታጠፊያው በታች ፈልቶ ቆመ። ቦኔቱን ከፍቼ ከእንፋሎቱ ጋር ስታገል ልጅቷ በእግሯ ቀደመች። እኔ ትንሽ ቆይቼ ጀሪካን አንጠልጥዬ ውሃ ልለምን ተከተልኳት።

ስደርስ ከእማማ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ወሬውን ገና አልነገረቻቸውም፣ ከፊቷ ያስታውቃል። እማማ እኔን ሲያዩ ቢላቸውን ጥለው ብድግ አሉ።

«ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! እንግዳ መጣ!»

ብለው ሮጡና ደጃፉ ላይ የተሰጣ ልብስ የመሰለኝን ጨርቅ ከሶላሩ ላይ ገፈው ያጣጥፉት ጀመር። ዳር ዳሩ በአበባ የተጠለፈ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነው። ልጅቷ ድንቹን እንደያዘች ቀረች።

«እማማ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«የሶላሩ ልብስ ነዋ! ጥልፉ የእጄ ነው። ለጎረቤቶቹም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ቀን ቀን ይለብሳል?»

«ታዲያስ! አቧራ ጠላቱ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ? አቧራ ምን እንደሚያደርግ ለእኔ ይነገራል? የሰውዬውን ደረት አይቼ!» ጨርቁን ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ነፋሱ ማታ ሲበርድ ነው የምገልጠው። እንግዳ ሲመጣም እንገልጠዋለን። ያማረ ዕቃ ሸፍኖ እንግዳ መቀበልማ ነውር ነው። መኪናችሁ መታጠፊያው ላይ ክላክስ ስታደርግ መንደሩ ሁሉ ይሯሯጣል።»

ያ ክላክስ የእኔ ነው። ፍየል እንዳልገጭ ብዬ ነው የማደርገው። ስንመጣ ሁሉም ሶላር ተገልጦ ፀሐይ ሲሞቅ የምናገኘው ለካ በእኔ ጥሩምባ ነው።

ልጅቷ ቀስ ብላ «አሁን እኔ ስመጣ ግን አልገለጡትም» አለች።

እማማ ሳቁ። «አንቺ ምኑን እንግዳ ሆንሽ? የቤቱ ልጅ አይደለሽ እንዴ!»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ውሃው በርሜል ዞር አልኩ። ከኋላዬ እያለቀሰች ስታስረዳቸው እሰማለሁ። የሶላሩ ምግብ ፀሐይ ነው፣ በስስ ጨርቅ የሚሾልከው ብርሃን አይበቃውም፣ ይህን መጀመሪያውኑ መንገር የነበረባት እሷ ናት። እማማ አፋቸውን ያዙ።

«በረሃብ ስገድለው ከርሜያለሁ በይኛ! እንደዚያ አልብሼው!»

ስንመለስ በመኪና ውስጥ መከርኳት። «ለአለቃችን ችግሩ ሽቦ ነበር በይ። ሴቶቹ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ማን ይጠይቅሻል? የልምምድሽ ወር እያለቀ ነው፣ መቀጠር ትፈልጊያለሽ።»

«ሌላ ተለማማጅ የእኔን ቃል ወስዶ ሌላ መንደር ቢያስተምርስ፣ ጋሼ?» አለች። ከዚያ በኋላ መኪናውን እንኳ አልሰደብኩም።

አለቃችን ፊት ቆማ «ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ» ስትል ድምጿ እኔ ካለሁበት ኮሪደር ድረስ ተሰማ። አለቃችን «አንድ ማታ ሙሉ ሲያበሩ ሄደሽ እይ። ከጠፋ ይነቀላል» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መንደሩ ገባን። ሶላሮቹ ሁሉ ራቁታቸውን ዋሉ። እማማ በየጊዜው እየተነሱ በመሐረብ አቧራውን ያብሳሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ሲመሽ አራታችን በአንዲት ክፍል ተሰበሰብን። ራት ቀረበ። አንዳችንም አምፖሉን ቀና ብለን አናየውም፤ ያየነው እንደሆነ የሚጠፋብን ይመስል። እማማ ኩራዙንና ክብሪቱን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ራት ተበላ፣ ሳህን ተነሳ፣ እጅ ተታጠበ። መብራቱ አለ። እማማ ጨርሶ አላመኑትም፤ ክብሪቱን ከእጃቸው አላወጡም።

አባባ አልጋቸው ላይ ወጥተው ተገላበጡ፣ ተገላበጡና «አንቺ፣ አጥፊው እንጂ! እንቅልፍ ነሳኝ እኮ» አሉ።

እማማ ኩራዙን አስቀምጠው ተነሡ። ቁልፉን ነካ አደረጉት። መብራቱ ይባስ ብሎ ቦግ አለ።

«ኧረ ዓይኔን!» አሉ አባባ፣ ብርድ ልብሱን ወደ ፊታቸው እየሳቡ።

እማማ ደግመው ነኩት፤ ዞረው ልጅቷን አዩዋት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚጠፋው? እስከ ዛሬ ራሱ ነበር የሚጠፋልኝ።»

ልጅቷ ሳቅና እንባ ቀላቅላ ተነሣች። የእማማን ጣት ይዛ ቁልፉ ላይ አስቀመጠችው። «ነካ ሲያደርጉት ይደምቃል፤ ለማጥፋት ግን እንዲህ፣ ጫን አድርገው ይያዙት» አለች። መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ አባባ ይተነፍሳሉ፤ ሳል አልነበረም።