ሁለት ኪስ

ፒያሳ ሻይ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ዋንጫውን ማን እንደሚበላ ሁልጊዜ ያውቃል። ከጨዋታው በፊት ግምቱን ወረቀት ላይ ይጽፍና አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ጨዋታው ሲያልቅ አውጥቶ ያስነብባል። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተሳሳተም። በግራ ኪሱ አንዱ ቡድን፣ በቀኙ ደግሞ ሌላው እንደሚያሸንፍ ተጽፎ እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም። ሰው ግን ጨዋ ነው፣ «አጀብ» ብሎ ያልፈዋል።

ኮቱ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ያው ነው፤ ክርኑ ተጥፏል፣ አንገቱ በእድፍ ጠቁሯል። ያኔ ኮሌታው ላይ የንጉሡን ምስል ይሰካ ነበር። ዘመን ሲለወጥ የደርጉን ፓርቲ ዓርማ በዚያው ቀዳዳ ሰካበት። አዲስ ቀዳዳ ለመብሳት እንኳ አልደከመም።

የ1983ቱ ዋንጫ ዕለት፣ በማግስቱ ወደ ሰሜን ጭነት ይዞ የሚወጣ ሾፌር አጠገቡ ተቀመጠ።

«አያ፣ ማን ይበላል?»

«የጦሩ ቡድን ነዋ» አለ ሰውዬው ጮክ ብሎ፣ የጦሩ መኮንኖች በዚያ ሲያልፉ አይቶ።

ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኳሱን አይደለም። ከሊማሊሞ ወዲያ ያለውን ጦርነት ነው።»

ሰውዬው ብርጭቆውን አነሣ። ሻዩን ፉት ሊል ሲያጎነብስ ግን ኮሌታው ተገለበጠ። ዓርማው በውስጥ በኩል ተሰክቷል፤ ከላይ የሚታየው ያ አሮጌ ቀዳዳ ብቻ ነው።

«እንግዲያ ነገ አልወጣም» አለ ሾፌሩ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሰውዬው ኮሌታውን ቶሎ መለሰና ሁለቱን ኪሶቹን ዳበሰ።