ባለ ጀልባ ቁልፉ ኮት

እትዬ ቁጭ-ብድግ ቤት የልጅ ልብስ ሊገዛ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተናዶ ነው የሚወጣው። እውነቴን ነው! ገንዘቡን ይዞ፣ ልጁን አስከትሎ፣ ሱሪ መርጦ «ስንት ነው?» ሲል «ቆይ እስቲ» ይሉታል። ልጁ ይለብሳል። «ቁጭ በል። ብድግ በል። እጅህን ወደ ላይ። አሁን ደግሞ መሬት የወደቀች ነገር አንሳ።» ሱሪው ጉልበቱ ላይ ከያዘው አለቀ፣ አይሸጡም። «ልጅ ልብስ የሚለብሰው ሊቆምበት ነው እንዴ? ሊሮጥበት ነው እንጂ!» ብለው ነጥቀው መስቀያው ላይ ይመልሱታል። ስሙንም ያወጡላቸው እዚያ ቤት ሲቀመጡና ሲነሱ ያደጉ የሰፈር ልጆች ናቸው።

ሱቅ ነው ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ናት። በአንዱ ግድግዳ የሴት ልጅ፣ በሌላው የወንድ ልጅ ልብስ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ከጎኑ ደግሞ የልብስ ቁልፎች የሚጠራቀሙበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ልጆቻቸው ያደጉባቸው እናቶች ያጠረውንና የጠበበውን ያመጡላቸዋል። እሳቸው ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ።

የሚያስገርመው ግን ይሄ አይደለም። ልብሱን ያመጣው ልጅና የሚገዛው ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ከሆኑ፣ ገዢው ቢለምን ቢያለቅስ አያገኘውም። በዚያ ላይ የእያንዳንዱን ልብስ ቁልፍ ነቅለው በሌላ ይቀይሩታል፤ ማንም ልጅ የድሮ ልብሱን ሌላው ላይ አይቶ እንዳያውቀው። ይሄን ሁሉ ደግሞ በቃላቸው! ደብተር የለ፣ ወረቀት የለ። «ይቺ ሰማያዊ ሹራብ ከጎረቤታችን ነርስ ቤት፣ አምና፣ ታናሽየዋ ጥርሷን የነቀለች ጊዜ» ይላሉ። ሰዉ «አይ ጭንቅላት!» ይላል። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ባላቸው ደግሞ «የት እንዳስቀመጠችኝ የምትረሳው እኔን ብቻ ነው» እያሉ ያሾፋሉ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንድ ግንበኛ መጣ። ከሳምንት በፊት ለሰባት ዓመት ልጁ አረንጓዴ ኮት የገዛ ሰው ነው። ኮቱን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይዞታል፣ እጁ ላይ ሲሚንቶው እንደደረቀ ነው።

«እትዬ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ።»

«ምነው? ጠበባት?»

«ኧረ ልክክ ብሎላታል። ክፍሏ ያለች አንዲት ልጅ ‹እነዚህ ቁልፎች የኔ ናቸው፣ ኮቱም የኔ ነው፣ አውልቂ!› አለቻት። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት።»

እትዬ ኮቱን ተቀብለው ዘረጉት። አራት ነጫጭ ቁልፎች፣ ጀልባ ጀልባ የሚመስሉ። ወዲያው አወቋቸው። ኮቱስ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የመጣ ነው፣ ምንም የለበትም። ቁልፎቹን ግን ከአንዲት ልጅ ሹራብ ላይ ነቅለው ቆርቆሮው ውስጥ የጨመሯቸው፣ በኋላም ኮቱ ላይ የተከሏቸው ራሳቸው ናቸው። ሹራቡ ደግሞ የመጣው ከዚያው ትምህርት ቤት ጀርባ ካለ ቤት ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ልብሱን ሲጠነቀቁለት፣ ቁልፍም ባለቤት እንዳለው አንድ ቀን ትዝ አይላቸውም?

«ገንዘብህን ልመልስልህ» አሉ።

«ገንዘቡን ምን አደርገዋለሁ፣ እትዬ? እኔ የፈራሁት እንደወጣች እንዳትቀር ነው። ደብተሯን እኮ አልጋ ሥር ወርውራዋለች።»

ይቺ ነገር ልባቸው ድረስ ገባች። ሻሻቸውን አሰሩ፣ ቆርቆሮውን አነሱ፣ «ምራኝ» አሉት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቁልፎቹ ከዚያች የክፍሏ ልጅ ሹራብ የተነቀሉ፣ ኮቱ ግን ከሌላ ቤት የመጣ መሆኑን ነገሯት። መንገድ ላይ ያሰቡት ቁልፎቹን ቀይረውላት ሊሄዱ ነበር። ግን አሁን ቢቀየሩ «ሰርቃ ነው፣ ስትያዝ ቀየረችው» መባሉ አይቀርም። ሌላ ዘዴ ቢፈልጉ አጡ። ስለዚህ ለባላቸው እንኳ ነግረው የማያውቁትን ነገር ጀመሩ።

«እኔም እንዳንቺ ሰባት ዓመቴ ሳለ ቀይ ቀሚስ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እናቴ ከሰው ለምና ያመጣችልኝ ነው። ለካ ባለቤቷ እኛ ክፍል ኖራለች! ‹የኔ ነው፣ አውልቂ› አለችኝ።»

ልጅቷ ዞር አለች። «አወለቁት?»

«እንደለበስኩ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ።»

«በማግስቱስ?»

«አልሄድኩም።»

«በሌላው ቀንስ?»

«አልተመለስኩም፣ የኔ ልጅ። ይኸው እስከ ዛሬ ማንበብም መጻፍም አልችልም። ሰው ጭንቅላቷ ጉድ ነው ይለኛል። ጭንቅላቴ ምን ያድርግ? እጄ የማይጽፈውን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው።»

በሩ ላይ የቆመው ግንበኛ አቀረቀረ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታፍኖ የኖረ ነገር ለአንዲት ፍሬ ልጅ ተብሎ በአንድ አፍታ ወጣ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት ይመጣል? እኔ ብሆን አላደርገውም።

ልጅቷ ተነስታ ተቀመጠች። ቆርቆሮውን ብርድ ልብሱ ላይ ገለበጠችና ለረጅም ጊዜ ስትመርጥ ቆየች። አንድ ቢጫ፣ አንድ ኮከብ የሚመስል፣ አንድ ደግሞ ከትልቅ ሰው ካፖርት የወጣ ጥቁር ድብልብል ለየች።

«ሦስቱን ጀልባ ይንቀሉልኝ። አንዷ ትቅር።»

«ለምን ትቀራለች?»

«ሰርቄ ቢሆን ሁሉንም አስነቅላቸው ነበራ!»

እትዬ ሦስቱን ነቀሉላት። «ይቺ ጥቁሯ እኮ ቀዳዳው አታልፍም» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፣ ግን ቀዳዳውን በመቀስ አስፍተው ጠርዙን በክር ዘመዘሙላት። ስትለብሰውም እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብድግ አሰኟት።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ እጃቸው ሥራ አልይዝ አላቸው። የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠሉ፤ በሃያ ዓመት ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ከተለቀቀ በኋላ በሩ ብርግድ አለና ልጅቷ ገባች። ላብ አጥምቋታል፣ ጉልበቷ አቧራ ነው፣ ኮቱ ላይዋ ላይ አለ።

«እህሳ?»

«‹ቁልፉ የኔ ነው› አለችኝ። ‹አዎ ያንቺ ነው፣ ኮቱ ግን የኔ ነው› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገመድ ዘለልን። እሷ ሁለቴ ረገጠች።»

እትዬ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባቸው። ልጅቷ ግን ወሬዋን ጨርሳለች። ቦርሳዋን ከፍታ ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት ገነጠለችና ከእርሳስ ጋር የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች።

«አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ቁጭ ይበሉ።»

«ውይ፣ ተይኝ እቴ! ሥራ አለብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ...»

«ብድግ የሚሉት ሲጨርሱ ነው» አለች፣ ፍንክች ሳትል።

ከጓዳ ባላቸው ሬዲዮውን ዘጉት። እትዬም እርሳሱን እንደ መርፌ በሁለት ጣት ይዘው ቁጭ አሉ።