ሽኩር ከጀልባዋ ቀለም ሥር የፈለገው

ሐይቅ በሌላት አሰላ ጀልባ በአይሱዙ ተጭና ስትገባ ያየ ሰው «የት ልትቀዘፍ ነው?» አላለም፤ «ማን ሊሸሽ ነው?» አለ እንጂ። ላሜራ ቀጥቃጩ ሽኩር ግን ጀልባዋን አስወርዶ የግቢውን በር ዘጋባቸው። መጠርጠር የሱ ሥራ ነው፤ መጠርጠሩን ሌላ ሰው ሲሠራበት አይወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢተያ ጋራዥ ያለው ነቢል የሽኩርን ልጅ ሂባን ለጋብቻ ጠይቋል፤ ሽማግሌዎቹ ጁምዓ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ሽኩር ስለ ነቢል ሰላት ጠየቀ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ። ሁሉም «ደህና ነው» አሉት። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳው፤ ምንም የማይወራበት ሰው አለ እንዴ? ስለዚህ አምና ነቢል ከኋላ በኩል የጠገናት የላንጋኖ የሸራ ጀልባ ዘንድሮም ከድንጋይ ተላትማ፣ ከሆዷ ሥር ሚዛን የሚጠብቅላት ትልቁ የብረት ክንፍ ከፊት ተሰነጠቀ ሲባል፣ ባለቤቱን ለምኖ ግቢው አስመጣት። ዝገት በስቱኮ ደፍኖ ቀለም የሚቀባ ሰው ሚስቱንም እንደዚያው ነው የሚይዛት ባይ ነው።

የቆየው ቀለም መርዝ አለው ስላሉት ውሃ እያርከፈከፈ፣ አፉንና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ ይፍቅ ጀመር። ጎረቤቱ ሙሉዬ በአጥር በኩል አንገቷን አሰገገች።

«ምነው ጋሽ ሽኩር፣ ፊትዎን የሸፈኑት ከፖሊስ ነው ከኛ?»

«ካንቺ።»

«የተሰነጠቀው ከፊት አይደል እንዴ? ኋላዋ ምን አድርጋዎት ነው ቆዳዋን የሚገፏት?»

«ሂጂ ወደ ሥራሽ!»

ቀዩ ቀለም ተነሳ፤ ከሥሩ ሰማያዊ፤ ከሥሩ ግራጫ። በመዶሻ ጫፍ አንኳኳ። ስቱኮ ካለ ድምፁ ይታፈናል። ጥርት ብሎ ጮኸለት። ሽኩር ተናደደ፤ ጨምሮ ፋቀ። በመጨረሻ የአምናው ብየዳ ወጣ፤ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ብረት ገብቶበታል፣ መስመሩ እንደ ስፌት እኩል ነው። ጫፉ ላይ ግን እንዳይሰነጠቅ ወደ ኋላ አንዴ ተቆልምሟል። በሽኩር እምነት፣ በአርሲ ብየዳ እንዲህ የሚዘጋ እሱ ብቻ ነው፤ ያስተማረውም አንድ ሰው ብቻ።

ሻሹን ከአፉ አወረደ። «ሂባ!»

«አቤት፣ አባ።»

«አምና ቅዳሜ ቅዳሜ አክስትሽ ዙቤዳ ጋ ኢተያ ስትመላለሺ ምን ትሠሪ ነበር?»

ሂባ የተፋቀውን አየችና አቀረቀረች። «የነቢል ጋራዥ ከአክስቴ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። የጀልባዋ ባለቤት በስቱኮ ይደፈን ሲል ነቢል እምቢ አለው። ‹ይህን ብየዳ እኔ አልችልም፤ የምትችል አለች› አለ። እኔ በየድኩ፤ አክስቴ አጠገባችን ወንበር ይዛ ተቀምጣ ነበር።»

«ተቀምጣ? ዓይኗ ተገልጦ?»

«ተገልጦ፣ አባ።»

ጁምዓ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። በያጇን ግን አልሰጠሁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ትመጣለች።»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ መረቁ። ሲሸኛቸው የመጡበት የነቢል መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። ሽኩር ወዲያ ወዲህ አየና የመኪናውን በር በጣቱ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ደህና ነው» አለ። «ይሄኛው በር።»

ከዚያ በሌላው ጎን ዞረ።