የጫልቱ ጠባሳ

ባለፈው እሑድ ልጄ የባሕር ዛፍ ቅጠል በስልኳ አንስታ መጣችና፣ «እማ፣ ይህን ብሩሽ አድርጊልኝ» አለችኝ። ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ ጀርባውን አጥፍቼ፣ ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ መሳያ ብሩሽ አድርጌ አስቀመጥኩላት። ማውሱን በነካች ቁጥር አንድ ቅጠል ብቅ ሲል በደስታ ጮኸች። እኔ ግን ድሮ የሠራሁት ሌላ ብሩሽ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አምቦ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ነሐሴ ነው፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፣ በራችን ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ እስከ ውስጥ ይገባል። ኦቦ ደበላ የሚባሉ ገበሬ ከካቺሲ መጡ። ከጋቢያቸው ውስጥ ያወጡት የሟች ሚስታቸው የጫልቱ ፎቶ ነበር፤ እርጥበት በልቶት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል።

«ሌላ ፎቶ የላትም» አሉኝ። «ትንሿ ልጄ ገና ጡት ሳትተው ነው የሞተችባት። እናቷን የምታውቃት በዚህ ብቻ ነው።»

ከነመስታወቱ ስካን አደረግኩት። ከዚያ ላላቅቀው ስሞክር የፊቷ ምስል ተገሽልጦና ተበጣጥሶ መስታወቱ ላይ ቀረ። አልደነገጥኩም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ብዬ። ፊቷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ለመሸፈን የራሴን ጉንጭ በቅርብ አንስቼ ከቆዳዬ ብሩሽ ሠራሁ። እንዴት ኮራሁበት! ከግራ ቅንድቧ በላይ የነበረውን ጭረትም የእርጥበት መስሎኝ በዚያው ብሩሽ አጠፋሁትና ሥራዬን በስካኑ ላይ ደርቤ ሴቭ አደረግኩ።

ኦቦ ደበላ በሳምንቱ ተመለሱ። ያተምኩላቸውን ፎቶ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጠባሳዋስ?»

«የምን ጠባሳ?»

«ከቅንድቧ በላይ ያለው። የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ሳለች ወይፈን የወጋት።»

ፋይሉን ከፍቼ ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከርኩ፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። «ከሌላ ሰው ጠባሳ ብሩሽ ሠርቼ ላስገባልዎት» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ፤ «የሌላ ሰው ጠባሳ ምን ያደርግልኛል?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ፣ ፎቶውን በጋቢያቸው ሸፍነው በዝናብ ወጡ።

ዓምና ሠርግ ላነሳ ካቺሲ ሄድኩና ቤታቸውን አጠያየቅኩ። ኦቦ ደበላ ሞተዋል። በሩን የከፈተችልኝ ያቺ ትንሿ ልጃቸው ነበረች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆናለች። የእናቷ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከግራ ቅንድቧ በላይ መስታወቱ በጣት መነካካት ብዛት ደብዝዟል።

«አባቴ ነው» አለችኝ ዓይኔን ተከትላ። «ማታ ማታ አቅፎኝ 'እዚህ ጋ ጠባሳ አላት' እያለ ያሳየኝ ነበር። ጠባሳዋን የማውቀው በእሱ ጣት ነው።»

ጠባሳውን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሻይ ላፍላልሽ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስም አልነገርኳት።

ዛሬ የሟች ፎቶ ሲመጣልኝ አስቀድሜ ስለ ፊቱ እጠይቃለሁ፤ ሰዎችም ደስ ብሏቸው ያወሩልኛል። ከተማው ጠንቃቃ ይለኛል። ለዚያች ልጅ ግን እስካሁን እውነቱን አልነገርኳትም፤ ካቺሲም ሩቅ አይደለም።